በውርርድ የመጡት ተዋናይ

ቅዳሜ ማታ ነው እንበል። እራት ተነስቷል፣ ልጆቹ ሶፋው ላይ ተደራርበዋል፣ ቴሌቪዥኑ ቤተሰቡ የሚወደውን የውርርድ ፕሮግራም ያሳያል። የዕለቱ እንግዳ ከልጅነታችሁ ጀምሮ የምታውቋቸው ተዋናይ ናቸው። እናታችሁ በወጣትነቷ ፎቷቸውን ከመጽሔት ቆርጣ ያስቀመጠችላቸው መልከ መልካም። አሁን ዕድሜያቸው ሃምሳን ተሻግሯል። እርስዎስ በምን ይወራረዳሉ ሲባሉ ይቀልዳሉ፣ ሁላችንም እንስቃለን ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እርሳቸው ግን ካሜራውን ቀጥ ብለው አይተው፣ አሁን ከሚያዩኝ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ እንኳን ለተራቡት የሳህል ሰዎች አንዲት ማርክ አይሰጥም፤ በዚህ እወራረዳለሁ ይላሉ።

ይህ የሆነው ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው። ፕሮግራሙ «ቬተን ዳስ» ይባላል፤ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ በአንድ ጊዜ ይታይ ነበር። ያኔ ገና ሦስት ወሩ ነው። ተወራራጁ ካርል ሃይንዝ ቦም ናቸው። እኛ አገር «ሚስተር ካርል» ብለን የምናውቃቸው፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ የታክሲ ረዳቶች በየቀኑ ስማቸውን የሚጠሩላቸው የ«ካርል አደባባይ» ባለቤት።

ብዙዎቻችን እኚህን ሰው የምናውቃቸው በእርዳታ ሥራቸው ነው። ትምህርት ቤት ያሠሩ፣ ጉድጓድ ያስቆፈሩ ደግ ነጭ። ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት የኖሩት 53 ዓመት ግን ለብቻው አንድ ፊልም ይወጣዋል።

መጀመሪያ የውርርዱን ሂሳብ እንጨርስ። ሂሳብ የሚወደድበት ሰፈር መርካቶ ስለሆነ እንደ መርካቶ ሰው እናስላው። ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ አንዲት የጀርመን ማርክ ደግሞ ከአንድ ብር ትንሽ ታንሳለች። ከኦስትሪያዊው የተጠየቀው 7 ሺሊንግ፣ ከስዊሱ አንድ ፍራንክ ነው። ለአንድ የአውሮፓ ቤተሰብ ከቡና ዋጋ የማይበልጥ ገንዘብ ነው። ዕቁብ የሚጥል የመርካቶ ነጋዴ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ዕቁብን ዕቁብ የሚያደርገው የመዋጮው መጠን አይደለም፤ ሁሉም መጣሉ ነው። ተዋናዩም የጠየቁት ትልቅ ገንዘብ አልነበረም። የጠየቁት ሁሉም እንዲጥል ነበር።

ውርርዱንም አሸነፉ። ከሦስት አንዱ አልሰጠም፤ ወደዚያም የቀረበ ነገር አልነበረም። ቢሆንም 1.2 ሚሊዮን ማርክ ያህል ተሰበሰበ። በእኛ ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ማለት ነው። በዓለም ላይ በማሸነፉ እንደዚያ ያዘነ ተወራራጅ መኖሩን እንጃ። አሁን ገንዘቡ እጃቸው ላይ ነው፤ ወስዶ ሥራ ላይ ማዋል ደግሞ የእርሳቸው ዕዳ ሆነ።

እንግዲህ ወደኋላ እንመለስ። ካርል ሃይንዝ ቦም የተወለዱት መጋቢት 7 ቀን 1920 ዓ.ም. በጀርመኗ ዳርምሽታት ከተማ ነው። አባታቸው ኦስትሪያዊ፣ እናታቸው ጀርመናዊት። በዚህ የተነሳ ሁለቱም አገሮች «የእኛ ነው» ይላሉ፤ እኛም በአቅማችን ተጨምረንበታል። አባትየው ካርል ቦም ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የሙዚቃ መሪዎች አንዱ ናቸው። በድሬስደንና በቪየና ኦፔራ ቤቶች ዱላቸውን ሲያነሱ መቶ ሙዚቀኛ ትንፋሹን ይይዛል። እናትየው ቴያ ሊንሃርድ የኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ። ልጃቸው እርሳቸው ብቻ ናቸው።

የታላቅ ሰው ብቸኛ ልጅ መሆን ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያውቀዋል። ቤቱ በሙዚቃ የተሞላ ነው፤ ከሙዚቃው ጀርባ ደግሞ የአባት ጆሮ አለ። ጦርነቱ በተነሳበት በ1939 እ.ኤ.አ. ልጁ ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ከጦርነቱ በኋላ በግራትስ ከተማ ትምህርታቸውን ጨረሱ። ፍላጎታቸው ፒያኖ ተጫዋች መሆን ነበር፤ የፈተኗቸው ሰዎች ግን አላበረታቷቸውም። «የእገሌ ልጅ» ተብሎ ለተጠራ ሰው ጥሩ መጫወት ብቻ አይበቃውም። ፒያኖው ቀረ። ቪየና ሄደው ትወና ተማሩ፤ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በትንንሽ ሚናዎች ፊልም ውስጥ ብቅ ማለት ያዙ።

ከዚያ ዘውዱ መጣ።

በ1955 እ.ኤ.አ. ዳይሬክተሩ ኤርንስት ማሪሽካ «ሲሲ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ። ታሪኩ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ከባየርኗ ልዕልት ኤልዛቤት ጋር የነበራቸው ፍቅር ነው። ልዕልቷ ገና አሥራዎቹን ያልጨረሰችው ሮሚ ሽናይደር ናት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ የ27 ዓመቱ ካርል ሃይንዝ ቦም። ነጭ የክብር ልብስ፣ የወርቅ ቁልፍ፣ ቀጥ ያለ ወገብ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ተከተሉ። ጦርነት ያደቀቀው፣ ከተሞቹ ገና ከፍርስራሽ ያልጸዱ ሕዝብ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ንጹሕ ሰማይ፣ አበባና ሰርግ አየ። እስከ ዛሬ ድረስ በጀርመንና በኦስትሪያ በየገናው በቴሌቪዥን ይታያሉ። አያት፣ እናትና ልጅ አብረው ተቀምጠው ያለቅሱባቸዋል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ከመርካቶ ሰፈር ልጆች መካከል በሲኒማ ራስ የህንድ ፊልም ተመልክቶ ያላደገ ማን አለ? ቃሉ ሳይገባን ዘፈኑን በቃል የያዝን፣ ለማናውቃት እናት እንባችንን ያፈሰስን ሰዎች ነን። ለጀርመንኛ ተናጋሪው «ሲሲ» ማለት እንደዚያ ነው። እንደነዚህ ያሉ ፊልሞች ለተዋናዩ መልካም ነገር ብቻ ይዘው አይመጡም። በመንገድ ላይ የሚያዩት ሁሉ የሚፈልገው ፍራንዝ ዮሴፍን ነው። ሮሚ ሽናይደር አራተኛውን ክፍል እንድትሠራ ብዙ ገንዘብ ቀርቦላት እምቢ አለች። ቦምም ከነጩ ልብስ ለመውጣት በር ይፈልጉ ነበር።

ያገኙት በር በጣም ጨለማ ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ማይክል ፓወል «ፒፒንግ ቶም» በተሰኘ ፊልም መሪ ተዋናይ አደረጓቸው። ገጸ ባሕርዩ ማርክ የሚባል ዓይናፋር፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ካሜራማን ነው። አባቱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበሩ፤ ልጁን በሌሊት እያስደነገጡ፣ ሲያለቅስ በካሜራ እየቀረጹ ስለ ፍርሃት ያጠኑበት ነበር። ያ ልጅ አድጎ ሴቶችን ይገድላል፤ ሲሞቱም ፊታቸው ላይ ያለውን ፍርሃት ይቀርጻል። የሚያስፈራው ግድያው ብቻ አይደለም። የሚያስፈራው ለገዳዩ ማዘናችሁ ነው። ቦም ገዳዩን እንደ ጭራቅ አልተጫወቱትም፤ ማንም እጁን ይዞ ያላሳደገው ልጅ አድርገው ነው የተጫወቱት። ዳይሬክተሩ ደግሞ የጨካኙን አባት ሚና ራሳቸው ይዘው፣ ሕፃኑን ማርክን የገዛ ልጃቸው እንዲጫወት አደረጉ። እኔን እስከ ዛሬ የሚረብሸኝ ይህ ነው።

የለንደን ተቺዎች ፊልሙን ረገሙት። ከሲኒማ ቤቶች ቶሎ ወረደ፤ የፓወልም የሥራ ዘመን በአገራቸው ከዚያ በኋላ አላገገመም። ቦምም የጠበቁትን አላገኙም። ሃያ ዓመት ያህል አልፎ እነማርቲን ስኮርሴዚ ፊልሙን ከተጣለበት አንስተው ለዓለም ሲያሳዩት ነው ሰው የነቃው። ዛሬ በየፊልም ትምህርት ቤቱ ይጠናል። በእኔ ግምት ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የታላቅ አባት ልጅ የነበሩ ሰው የዚያን ወጣት ዝምታ እንዴት እንደዚያ አድርገው እንዳገኙት አለማሰብ ያስቸግራል።

ከዚያ ወደ ሆሊውድ ተሻገሩ። ለዲዝኒ ቤትሆቨንን ተጫወቱ፤ የግሪም ወንድማማቾችን ታሪክ በሚተርከው ፊልም ያዕቆብ ግሪምን ሆኑ፤ «አራቱ የአፖካሊፕስ ፈረሰኞች» ውስጥም አሉ። ልባቸው ግን እዚያም አላረፈም፤ ወደ አውሮፓ፣ ወደ መድረክ ተመለሱ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወጣቱና አስቸጋሪው ዳይሬክተር ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር አገኛቸው። ፋስቢንደር የድሮውን ንጉሠ ነገሥት ፊት ጀርመኖች የሚያፍሩበትን ነገር ለማሳየት ተጠቀመበት። «ማርታ» በተሰኘው ፊልም ቦም ሚስቱን በትሕትናና በፈገግታ ቀስ በቀስ እስረኛ የሚያደርግ ባል ናቸው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሥራዋን ያስለቅቃታል፣ ስልኩን ያስቆርጣል፣ የምታነበውን መጽሐፍ ይመርጥላታል። ከ50 ዓመት በኋላም እንዲህ ያለውን ባል የሚያውቅ አንባቢ አይጠፋም። በዚያው ዘመን ቦም በፋስቢንደር ዙሪያ ከነበሩ ወጣቶች ጋር ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሀብታምና ስለ ድሃ ብዙ ይወያዩ ነበር።

በ1976 እ.ኤ.አ. ሳንባቸውን ታመው ለሕክምናና ለዕረፍት ኬንያ ሄዱ። የሆቴሉን ሠራተኛ ቤትህን አሳየኝ አሉት። ከባሕሩ ዳር ካለው ባለብዙ ኮከብ ሆቴል ተነስተው ጥቂት እንደተጓዙ የሚበላ የሌለበት ሰፈር ደረሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ሲናገሩ ደጋግመው የሚጠቅሱት ቃል «ቁጣ» ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሐዘኔታ አይሉም፣ ቁጣ ነው የሚሉት። የሚያዝን ሰው ገንዘብ ሰጥቶ ይሄዳል። የተቆጣ ሰው ግን አይሄድም።

ከውርርዱ ሦስት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1973 ዓ.ም. አባታቸው ካርል ቦም በሳልዝቡርግ አረፉ። ዓለም ሁሉ ለታላቁ የሙዚቃ መሪ አዘነ። ልጃቸው በዚያው መጸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ በረሩ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነገር ስም ብቻ እንኳን ይነግራችኋል፦ በአውሮፓ «ካርል ቦም» ከተባለ አባትየው ናቸው። እኛ ዘንድ «ካርል» ካላችሁ ከልጅየው በቀር ማንም የለም።

ደርግ ሥልጣን ላይ ነው። ከሱማሌ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ከሐረር በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ባቢሌ በጦርነቱ የተፈናቀሉ አርብቶ አደሮች መጠለያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከብቶቻቸው አልቀዋል፤ ከእርዳታ ስንዴ ሌላ የሚጠብቁት የለም። ተዋናዩ የያዙትን ገንዘብ ስንዴ ገዝተውበት ፎቶ ተነስተው መመለስ ይችሉ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ አድርጓል። እርሳቸው ተቀምጠው፣ ምን ትፈልጋላችሁ ብለው ጠየቁ። መሬትና ውሃ፣ የራሳችን ቤት ነበር መልሱ። ከመንግሥት ጋር ተነጋግረው 1,500 የሚሆኑ ሰዎችን ከመጠለያው አውጥተው በኤረር ሸለቆ ማስፈር ጀመሩ። ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም. ደግሞ «ሜንሽን ፉር ሜንሽን» የተባለው ድርጅታቸው በጀርመን ተመሠረተ። ትርጉሙ «ሰዎች ለሰዎች» ማለት ነው። ስለዚያ ጅምር በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፉት መጽሐፍ ርዕሱ «ነጋያ» ነው፤ በኦሮምኛ ሰላም ማለት።

እስቲ በእርሳቸው ቦታ ሁናችሁ አስቡት። መሐንዲስ አይደሉም። ሐኪም አይደሉም። ግብርና አያውቁም። ዕድሜያቸው 53 ነው፣ ሳንባቸው ታሞ ያውቃል፣ ቋንቋ የለም፣ ሸለቆው ይነዳል። በእጃቸው ያለው ሀብት አንድ ፊትና አንድ ድምፅ ነው፤ ሕዝባቸው በየገናው የሚያየው ፊት። ያንን ፊት እንደ ካፒታል አፈሰሱት። ዓመቱን እኩሌታ እዚህ አቧራ ለብሰው ይውላሉ፤ እኩሌታውን በአውሮፓ ከከተማ ከተማ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ ይናገራሉ። ንጉሠ ነገሥቱን ለማየት የመጣች አሮጊት ስለ ኤረር ውሃ ጉድጓድ ሰምታ፣ ማርኳን አውጥታ ትሄዳለች። ለዓመታት ሊያመልጡት የሞከሩት ያ ነጭ የዘውድ ልብስ መጨረሻ ላይ ሥራ ያገኘው በዚህ ነው። ትወናውን ግን ተዉት፤ ከ45 ያህል ፊልም በኋላ።

እዚህ ላይ ነገሩን ሁሉ ማር አድርጎ ማቅረብ ለአንባቢ ክብር አይሆንም። የቤተሰብ መጽሔት እያነበባችሁ ነውና ስለ ቤተሰባቸውም እንነጋገር። ሚስተር ካርል አራት ጊዜ አግብተዋል፤ ሰባት ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ትዳሮች ሁሉም ፈርሰዋል። ከሦስተኛዋ ሚስታቸው፣ ከፖላንዳዊቷ ተዋናይት ባርባራ ላስ የወለዷት ካታሪና ዛሬ በጀርመን የታወቀች የቴሌቪዥን ተዋናይ ናት። ለሺህ የኤረር ልጆች አባት የሆነ ሰው ለገዛ ልጆቹ ምን ያህል ጊዜ ተረፈው? ይህን ጥያቄ መመለስ የሚችሉት ልጆቹ ብቻ ናቸው፤ ጥያቄውን መዝለል ግን ለእኛ ትክክል አይመስለኝም። ከመርካቶ ሱቁ ሌሊት ገብቶ ጠዋት የሚወጣ አባትም፣ ለወገን ብሎ ከቤቱ የጠፋ አባትም ለልጅ ያው ናቸው፤ ሁለቱም ቤት የሉም።

አራተኛው ትዳር የተገኘው እዚሁ ነው። ወይዘሮ አልማዝ ተሾመ በኤረር ፕሮጀክት የሚሠሩ የእንስሳት ርባታ ባለሙያ ነበሩ። በዕድሜ ከሚስተር ካርል በብዙ ያንሳሉ። በ1991 እ.ኤ.አ. ተጋቡ፤ ኒኮላስና አይዳ የሚባሉ ሁለት ልጆች ወለዱ። ይህ ትዳር እስከ መጨረሻው ቆየ። ወይዘሮ አልማዝ ደግሞ የታዋቂ ሰው ሚስት ሆነው አልቀሩም። ባለቤታቸው ሲደክሙ የድርጅቱን አመራር ተረክበው ለዓመታት መርተዋል። በአንድ የጀርመን ትልቅ ድርጅት ራስ ላይ ኢትዮጵያዊት ሴት ተቀምጣ ማየት ያኔም ዛሬም የተለመደ አይደለም።

ወቀሳም ነበረባቸው። ከደርግ ሹማምንት ጋር ተስማምተው መሥራታቸውን፣ በተለይም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከሰሜን ወደ ኢሉባቦር ለሰፈሩ ሰዎች እርዳታ መስጠታቸውን የተቹ ጥቂቶች አልነበሩም። ሰፈራው በግድ ነው፣ ሰው እየሞተበት ነው የሚለው ክርክር በዓለም ሁሉ ይካሄድ ነበር፤ ክርክሩም እውነት ነበረው። የእርሳቸው መንገድ ግን ሰዎቹ አንዴ እዚያ ደርሰዋል፣ ውሃና ክሊኒክ ያስፈልጋቸዋል የሚል ነበር። ማን ልክ እንደነበረ ለመፍረድ መቱ ተቀምጦ ማሰብና ፓሪስ ተቀምጦ ማሰብ አንድ አይደለም።

የሠሩትን ለማየት ከፈለጋችሁ ጉዞው የሚጀምረው መርካቶ ውስጥ ነው። ለብዙ ዘመን የአገሪቱ መንገደኛ ሁሉ መነሻ ከነበረው አውቶቡስ ተራ። አንዱ አውቶቡስ ወደ ምሥራቅ ሐረር ይወስዳችኋል፤ እዚያ በ1992 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የአግሮ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ወጣቶች መኪና መጠገን፣ ብረት መሥራት፣ ኤሌክትሪክ፣ ግብርና ይማሩበታል። ሌላው ወደ ምዕራብ ጫካውን አቋርጦ መቱ ይደርሳል፤ ወላጅ ያጡ ልጆች ያደጉበት «አብዲ ቦሪ» የተባለ ቤት እዚያ ነው፤ በኦሮምኛ የነገ ተስፋ እንደማለት። ሦስተኛው ወደ ሰሜን ሙከ ጡሪን አልፎ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ያደርሳችኋል። ቀድሞ ምጥ የያዛት ሴት ያንን ገደል በቃሬዛ የምትሻገርበት አገር ነበር። ድርጅቱ ያሠራው ሆስፒታል ስሙ «እናት» ነው። ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት አይችልም ነበር።

ድርጅቱ እስከ ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶችን ሠርቷል። ሚስተር ካርል የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጥቷቸዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሰብአዊ ሥራ የታወቀውን የባልዛን ሽልማት ተቀበሉ፤ አንድ ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ነው። ከ26 ዓመት በፊት ከእያንዳንዱ ተመልካች አንዲት ፍራንክ የለመኑ ሰው መሆናቸውን አትርሱ።

የመጨረሻ ዓመታቸው ከባድ ነበር። የመርሳት በሽታ ያዛቸው። ያ ሺህ ገጽ ቃል በቃል የያዘ የተዋናይ አእምሮ ስሞችን መልቀቅ ጀመረ። ከአደባባይ ርቀው በሳልዝቡርግ አጠገብ በምትገኘው ግሮዲግ ከወይዘሮ አልማዝ ጋር ተቀመጡ። ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. በ86 ዓመታቸው አረፉ፤ የተቀበሩትም በሳልዝቡርግ ነው። ሮሚ ሽናይደር፣ የፊልሟ እቴጌ፣ ፓሪስ ውስጥ በ43 ዓመቷ የሞተችው ግንቦት 21 ቀን 1974 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ንጉሠ ነገሥቷ ኤረር ሸለቆ ውስጥ የመጀመሪያ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። ቀኑ አንድ ነው፤ መካከሉ 32 ዓመት።

ለዚህ ወር የቤተሰብ ፊልም ምሽት የሚሆን ከፈለጋችሁ፣ «ሲሲ» ከሕፃን እስከ አያት ሁሉንም ያስቀምጣል፤ ሦስቱንም በአንድ ማታ ካልሞከራችሁ። «አፕ» የተባለውን፣ ቤቱን በፊኛ አስሮ የሚበረውን አዛውንት የካርቱን ፊልም ልጆቻችሁ ሳያውቁት አይቀሩም። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው የጀርመንኛ ቅጂ ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ድምፅ ሚስተር ካርል ናቸው፤ ጀርመንኛ የሚማር ልጅ ካላችሁ አሰሙት። «ማርታ»ን ባልና ሚስት አብራችሁ እዩት፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳውን ጨዋታ ግን እኔ አልኖርበትም። «ፒፒንግ ቶም»ን ደግሞ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ መብራቱን ሳታጠፉ።